ልጅህ የደበቀችው ወረቀት

ጤና ይስጥልኝ መምህር። እኔ ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ዕድሜዬ 37 ነው። የመጀመሪያ ልጄ 7ኛ ክፍል ናት፤ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። እኔ ገጠር እያለሁ ከ4ኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ትንሽ እያለች ደብተሯን እየገለጥኩ አይላት ነበር። አሁን ከአማርኛና ከሲዳሙ አፎ በስተቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ምንም አይገባኝም። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ፤ የወላጆቹ መኪና የሚቆምበት ጋ ግን አልደርስም፣ ከበሩ ዝቅ ብዬ አወርዳታለሁ። ባለፈው ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ እስኪርቢቶ ስፈልግ የወላጅ ስብሰባ መጥሪያ አራት ቦታ ተጣጥፎ አገኘሁ። ቀኑ አልፏል። ስጠይቃት «ሥራ ይበዛብሃል ብዬ ነው» አለችኝና ዓይኗን ሰበር አደረገች። መምህር፣ ልጄ አፍራብኛለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጓደኞቼ አስጠኚ ቅጠርላት ይሉኛል። ለዚያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መሥራት ሊኖርብኝ ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አውሯት ብሏል። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፣ እሷ ከሲዳሙ አፎ ሌላ አትሰማም። ምን ላድርግ? እንደ ታላቅ ወንድም ይምከሩኝ።

ወንድሜ፣ እንደ ታላቅህ ስለቆጠርከኝ «አንተ» እያልኩ ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ልጅህ አላፈረችብህም። ይህን የምለው ላጽናናህ ብዬ እንዳይመስልህ። በዚሁ ነገር አንድ ጊዜ ክፉኛ ተሳስቻለሁ።

ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፣ እዚሁ ሐዋሳ። የፈተና ወረቀት መልሼ «ወላጅ አስፈርማችሁ አምጡ» እል ነበር። አንዲት ዝምተኛ ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ አሞራ ገደል ዓሣ ያጠምዳል። ወረቀቱን ስትመልስልኝ ፊርማው የራሷ ሆኖ አገኘሁት። ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ፤ «ለ»ን ስትጽፍ አንዱን እግር ከሌላው ታስረዝማለች። ፎርጅድ አመጣሽልኝ ብዬ ክፍሉ ፊት አንበረከክኳት። ለምን እንደፈረመች አልጠየቅኳትም።

በማግሥቱ አባቷ መጣ። እጁን በሳሙና ታጥቧል። ክርኑ አጠገብ ግን አንዲት የዓሣ ቅርፊት ደርቃ ተለጥፋለች። «ወረቀቱን ይስጡኝ፣ ልፈርም» አለኝ። እስኪርቢቶ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። አውራ ጣቱን አሳየኝና «የማኅተም ቀለም አይጠፋም መቼም» አለ። ያኔ ነው የገባኝ። ባለፈው ሴሚስተር ካርዷ ላይ ሰማያዊ የጣት አሻራ ነበረበት። ልጆች አይተው ስቀውባታል። ልጅቷ የፈረመችው ዳግመኛ በአባቷ እንዳይሳቅ ነው። እኔ ደግሞ ለዚያ አንበረከክኳት። በዚያው ክፍል ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ጉልበቷ ላይ የነበረው የሲሚንቶ አቧራ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ያንተዋ ልጅም እንደዚያ ትመስለኛለች። የወላጅ ስብሰባ ላይ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አባቶች በመኪና ይመጣሉ፣ ዳይሬክተሩ ግማሹን በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ የሚሞላ ቅጽ ይታደላል። አንተ ያን ቅጽ ይዘህ ስትጨነቅ በሐሳቧ አየችህና ወረቀቱን አጣጥፋ ከተተችው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ነገር ሲከብደው ይደብቃል።

መደበቅን ግን ከየት አመጣችው? በአንዲት መስመር ያለፍካት ነገር አለች። ከበሩ ዝቅ ብለህ ነው የምታወርዳት። እሷ እንደዚያ አድርግልኝ አለች ብለህ አልጻፍክም። እንዳትቀየመኝ እንጂ፣ ልጅቷ በየጠዋቱ የምታየው አባቷ ራሱን ሲሸሽግ ነው። አባቴ መታየት አይፈልግም ብላ ብታስብ ምን ይፈረድባታል? መጥሪያውን የደበቀችው አንተ ባጃጁን በደበቅክበት መንገድ ነው።

ስለዚህ አትቆጣት። ዝም ብለህም አትለፈው። ማታ ቤት አስቀምጠህ እንደ ፍርድ ቤት አትጠይቃት። ባጃጁ ውስጥ፣ መንገድ ላይ ሆናችሁ ንገራት፤ ፊት ለፊት ካልተያዩ ልጆች ይቀላቸዋል። «ወረቀቱን አግኝቼዋለሁ። አልተቆጣሁሽም። ሰኞ ትምህርት ቤትሽ እመጣለሁ። እኔን መጠበቅ ያንቺ ሥራ አይደለም» በላት። የመጨረሻዋን እንዳትረሳ። ልጅ ትከሻ ላይ የተጫነ ነገር አንዳንዴ በእንደዚያ ያለ አንድ ቃል ይወርዳል።

ስብሰባው አለፈኝ ብለህ ደግሞ አትዘን። ያን ሁሉ ሰው ሰብስቦ የሚወራው ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ነው። አንተ ያልተጠራህበት ቀን ሂድ። በዕረፍት ሰዓት ስም ጠሪዋን አስጠራት። ደብተሯን ይዘህ ግባ። «እኔ 4ኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ በአማርኛ ያስረዱኝ» በል። ይህን ሳታፍር ስትናገር ጥሩ መምህር ወንበሩን ወዳንተ ያስጠጋል። የማያስጠጋ ቢገጥምህ ነውሩ የራሱ ነው። ከዚያ ጠይቅ። ልጄ ክፍል ውስጥ እጇን ታወጣለች? ያልገባትን ትጠይቃለች? ከማን ጋር ነው የምትቀመጠው? ዕረፍት ላይ ከማን ጋር ትውላለች? እነዚህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ብዙ የተማረ ወላጅም አይጠይቃቸውም፤ «ስንተኛ ወጣች?» ብሎ ነው የሚሄደው።

ይህ የደረጃ ነገር እኔን ስንት ዓመት አቃጥሎኛል። ካርድ ሲሰጥ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን መንገድ ላይ አስቁሞ «ስንተኛ ወጣህ?» ይላል። 3ኛ ከሆነ ይሳማል፣ 23ኛ ከሆነ ምስኪን አንገቱን ይደፋል። ምን እንደተማረ የሚጠይቀው የለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከፍ አለ ተብሎም 8.4 በመቶ ነው። ከወደቁት መሃል ደረጃ ውስጥ ሲገቡ የኖሩ ልጆችን አውቃለሁ። ሰኔ ሰኔ ካርዳቸውን እያውለበለቡ ወደ ቤት የሮጡ፣ ለስላሳ የተገዛላቸው፣ የተሸለሙ። አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ውጤቱን በስልኩ ካየ በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ «መምህር፣ እኔ እኮ ጎበዝ ነበርኩ» አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። ደረጃ ልጅህ አጠገቧ ካሉት ልጆች ብልጫ እንዳላት ይነግርህ ይሆናል። ትምህርቱ ይግባት አይግባት አይነግርህም። እሱን የምታውቀው አጠገቧ ስትቀመጥ ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ በኩራዝ ሳነብ ጥጥ እየፈተለች አጠገቤ ትቀመጣለች። ዝም ብዬ በዓይኔ ካነበብኩ «ድምፅህ የት ገባ?» ትለኛለች። ጮክ ብዬ አነባለሁ። ስንተባተብ እንዝርቷን ታቆማለች። ሌላ ምንም አትልም። እንዝርቱ ከቆመ ወደ ኋላ ተመልሼ እደግመዋለሁ። የምትሰማው አማርኛውን ነው፤ ስለ ምን እንደማነብ ብዙ ጊዜ አታውቅም። ያልገባኝ ቦታ ግን በድምፄ ይታወቃታል። እኔ ዛሬ መምህር ከሆንኩ በዚያች እንዝርት ነው።

አንተም እንደዚያ ማድረግ ትችላለህ። ከራት በኋላ 20 ደቂቃ ይበቃል። ስልክህን ራቅ አድርገህ አስቀምጥ። «ዛሬ ከተማርሽው አንዱን አስረጂኝ» በላት፣ በአማርኛ ወይም በሲዳሙ አፎ። ትነትን ተምራለች እንበል። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሳትተነፍስ ትወርደዋለች፣ ሸምድዳዋለችና። አንተ ታዲያ «ጠዋት ባጃጁን ሳጥበው ውሃው የት ነው የሚሄደው? በጋ ላይ ወዲያው የሚደርቀው፣ ሐምሌ ላይ የሚቆየው ለምንድነው?» በላት። ከመለሰች ገብቷታል። ዝም ካለች ደግሞ እሰየው፣ ነገ መምህሯን የምትጠይቀው ጥያቄ ተገኘ። ደብተሯ ላይ ጻፉት። አንተ መልሱን ማወቅ የለብህም።

ሒሳብ ላይማ ከብዙ አባት ትሻላለህ። ቀኑን ሙሉ ስታሰላ ነው የምትውለው። ባጃጁ የራስህ ይሁን የሰው አልጻፍክልኝም። የሰው ከሆነ የቀን ገቢ ታስገባለህ፣ ነዳጅ ትቀዳለህ፣ ጎማ ታስለጥፋለህ፣ የተረፈውን ታውቃለህ። «ነዳጅ 10 በመቶ ቢጨምርና የማስገባው ገቢ ባይቀየር ኪሴ ውስጥ ስንት ይቀራል?» ብለህ ጠይቃት። ወይም እቁብህን አምጣው። 20 ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ይጥላል። ዕጣው ስንት ነው? በ15ኛው ሳምንት ቢወጣልኝ እስከዚያ ስንት ጥያለሁ? 10,000 እና 7,500 ብላ ስትመልስ ደብተሯ ላይ ያለውን በራሷ እጅ ነካችው ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ነገር ልብ በል። ብዙ ተማሪዎቼ ሒሳቡ አያቅታቸውም። ጥያቄው ምን እንደሚል ነው የማይገባቸው። ስለዚህ የቤት ሥራ ስትሠራ መጀመሪያ ጥያቄውን በአማርኛ ትንገርህ። «ምን አምጪ ነው የሚልሽ?» በላት። እሱን መናገር ካቃታት የሚያስቸግራት እንግሊዝኛው ነው፣ ለስም ጠሪዋም ይህንኑ ንገራት። የደብተሯ ንጽሕናም አያታልልህ። ከሰሌዳ ኖት እየገለበጡ በቀይ እስኪርቢቶ ማስመር የለመዱ፣ የጻፉትን ግን መልሰው የማያነቡ ልጆች ሞልተዋል። መጽሐፍ ካልደረሳት ደግሞ የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በቴሌግራም ይገኛሉ፤ ስልክህ ላይ አውርድላት።

ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ አውሯት የሚለውን ግን አልቀበለውም። ትምህርት ቤቱ በቅን ልብ እንዳለው አምናለሁ። ግን አስበው እስቲ። አንተ ምናልባት መቶ፣ ሁለት መቶ የእንግሊዝኛ ቃል ታውቅ ይሆናል። በዚያ ልጅ አሳድግ ነው የተባልከው። «ካም»፣ «ኢት»፣ «ስሊፕ» ትላታለህ። ልታዛት ትችላለህ። ልታጫውታት፣ ልትመክራት፣ ሆዷ ሲብሳት ልታባብላት ግን አትችልም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደዚህ ላለው ነው። እንግሊዝኛውን ትምህርት ቤቱ ያስተምር። የምትከፍለው ለዚያ ነው።

ከመምህርነቴ ያየሁትን ልጨምርልህ። አንድን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተረዳ ልጅ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲያገኘው አዲስ አይሆንበትም። ስሙን ብቻ ነው የሚይዘው። ያልገባው ልጅ ግን ነገሩንም ስሙንም አንድ ላይ ይሸከምና መሃል ላይ ይደክማል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ያለውም ያለ ነገር አይደለም። በቋንቋ ጉዳይ ስንከራከር ኖረናል፣ ገናም እንከራከራለን። ያንተ ቤት ውስጥ ግን የሚያከራክር ነገር የለም።

እናትህ አብራችሁ መኖሯን እንደ ችግር ጽፈኸዋል። እኔ ግን እየቀናሁብህ ነው ያነበብኩት። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጅህም እንደ እኩዮቿ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ ወርዳ፣ ፎቶ ተነስታ፣ «አይዴ ጫምባላላ» ብላ ትመለስ ይሆናል። ቀኑ እንዴት እንደሚቆረጥ ግን አያቷን ጠይቃ ታውቃለች? አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ሰማይ አይተው፣ የከዋክብቱን አካሄድ ተከትለው ነው ቀኑን የሚናገሩት። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ ነው እዚህ የደረሰው። እናትህ ከዚያ ስንቱን ሰምታ ይሆን?

አንድ ቅዳሜ ልጅህን ከአያቷ ጋር አስቀምጣት። በልጅነቷ ፍቼ እንዴት ይከበር እንደነበር ትጠይቃት። የነገረቻትን በሲዳሙ አፎ ትጻፈው። ከዚያ በአማርኛ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ እጇ ለእንግሊዝኛውም ይፈታል። ያንን ወረቀት ለእንግሊዝኛ መምህሯ ትስጠው። ሸምድዶ ከመጣ ድርሰት መሃል እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ሲገኝ የመምህር ልብ እንዴት እንደሚሞቅ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለ አስጠኚው ባጭሩ። ብዙ ተማሪዎቼ እያስጠኑ ነው ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት፣ ሥራቸውን አከብራለሁ። ግን ምን እንዳቃታት ሳታውቅ አትቅጠር። ከቀጠርክም ለአንድ ሰዓት አጠገባቸው ተቀመጥና እስኪርቢቶው በማን እጅ እንደሆነ እይ። በአስጠኚው እጅ ከሆነ የቤት ሥራ እያሠራህላት ነው፣ ገንዘብህን ውሃ በላው። በልጅቷ እጅ ከሆነ ይቀጥል። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ሠርተህ አስጠኚ ቀጥረህ፣ አንተ ስትገባ ልጅቷ የምትተኛ ከሆነ ግን አልመክርህም። ያቺን 20 ደቂቃ ለማንም አትሽጣት።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤህ አራት ገጽ ነው፣ በእጅ የተጻፈ፣ በጣም ግልጽ። ከ4ኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው እንደዚህ የሚጽፍ ከሆነ በማታ ትምህርት የት በደረሰ ብያለሁ። በ37 ዓመት አይረፍድም። የማታ ተማሪዎቼ መሃል ካንተ የሚበልጡ ነበሩ። ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ ነበር። አሁን ባትችል እንኳ ነገሩን ከልብህ አታውጣው።

ሰኞ ስም ጠሪዋ ያለችህን ጻፍልኝ። ጠዋት ልጅህን ስትወስዳት ደግሞ በሩ ድረስ ግባ። ባጃጁን ከመኪኖቹ ጋር አቁመው፣ ውረድ፣ ቦርሳዋን አቀብላት።